በማርቆስ ስቀና የኖርኩበት ወርክሾፕ

ጡረታ በወጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት ጓዳችን ውስጥ የማርቆስን ቢላዋ አገኘሁ።

የማን እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። እጀታው ከአሮጌ የቡና ግንድ የተጠረበ ነው፤ ምስማሮቹ በእኩል ርቀት ተመትተዋል፤ ስለቱ ከጫፉ እስከ እጀታው እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሏል። በሚዛን ተፈሪም ሆነ በአማን ከተማ እንዲህ አድርጎ የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ነው። ባለቤቴን አልማዝን ጠራኋት።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ከገበያ ገዛሁት።»

«ዕድሜውን ሙሉ ስለት ሲሞርድ የኖረ ባል እያለሽ?»

«ያንተዎቹ ስትሠራበት የኖርክበት እርሻ ቀሩ። ይሄ ደግሞ እዚህ ሽንኩርት ይከትፋል» አለችኝና ወደ ምድጃዋ ተመለሰች።

እዚያው ቆሜ ስለቱን በአውራ ጣቴ አግድም ዳበስኩት። ወደ መስኮቱ አዙሬ አየሁት። እንከን ፈለግሁለት፤ አላገኘሁም። የጡረታ ደብዳቤዬን ስቀበል ያልተሰማኝ ነገር ያን ጊዜ ልቤን ወጋኝ። የእኔ ሥራ አብቅቷል፣ የእሱ ግን ከነሕይወቱ ጓዳዬ ድረስ ገብቷል። ሌላው ሰው የሥራ ዘመኑን ሲያወራ ስለ ደመወዙና ስለ አለቆቹ ያወራል። እኔ ግን የእኔን ዘመን ማርቆስን ሳላነሳ ላወራው አልችልም። ማርቆስን ሳነሳ ደግሞ ቅናቴም አብሮ ይነሳል።

ወላጆቼ ከሰሜን መጥተው ሚዛን ተፈሪ የከተሙ ናቸው። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ጨርሼ ቴፒ አቅራቢያ ባለ አንድ ትልቅ የቡና እርሻ ወርክሾፕ ስቀጠር እናቴ አልተደሰተችም። «መዶሻና እሳት ያለበት ቤት ቀጥቃጭነት አይደለም እንዴ? ሰው ሲጠይቅህ መካኒክ ነኝ በል» ብላ አስጠነቀቀችኝ። የትራክተር ጎማና ሞተር ስፈታ የቆየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ከዚያ የወርክሾፑ ኃላፊ «እጅህ ረጋ ያለ ነው» ብሎ ከወርክሾፑ ጥግ፣ ከሰል ከሚነድበት፣ ጋሽ ወልዴ ዘንድ ወሰደኝ። ገጀራና የቡና መግረዣ ቢላ የሚሠሩትና የሚስሉት እሳቸው ነበሩ። እናቴ የፈራችው ቦታ በትክክል እዚያ ነበር። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ወደድኩት።

ጋሽ ወልዴ የጌጫ ከተማ ሰው ነበሩ። ሙያውን ከአባታቸው የወረሱ፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ጥቂት የሆነ ሰው። ስለት እሳት ውስጥ እያለ ማንም እንዲያናግራቸው አይፈቅዱም። የቡና ሚኒስትር ቢመጣም እጃቸውን ብቻ አንስተው ያስቆሙታል ብለን እንቀልድ ነበር። የተጠናቀቀ ቢላ ሲሰጧቸው መጀመሪያ እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ። ከዚያ ብረቱን በጥፍራቸው መታ አድርገው ወደ ጆሯቸው ያስጠጉታል። ስንጥቅ ያለበት ብረት ድምፁ ይታፈናል፤ ጤነኛው ግን እንደ ትንሽ ደወል ይጮኻል። በመጨረሻ ከአጥሩ ሥር ወዳለው ሙዝ ሄደው አሮጌ ግንድ ላይ አንዴ ይሰነዝሩታል። የተቆረጠው ፊት ለስላሳ ከሆነ ስለቱ አልፏል፤ ከተቦጨቀ እንደገና ወደ ሞረድ ይመለሳል።

ቴፒ ላይ ማታ የተወለወለ ብረት ጠዋት ዝጎ ይገኛል። ለዚህ ጋሽ ወልዴ ከአገራቸው የሚያስመጡትን የንብ ሰም ከዘይት ጋር አቅልጠው በጨርቅ ይቀቡታል። ወርክሾፑ ውስጥ ከናፍጣውና ከጭሱ መሐል ሁልጊዜ የማር ሽታ ነበር።

«ጥሩ ነው» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። አንድ ነገር ከወደዱ ከግድግዳው ላይ ምስማር መትተው ይሰቅሉታል፤ ምስጋናቸው ያ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ የነበሩት ሁሉም በእጃቸው የሠሯቸው የሥራ መርጃዎች ነበሩ። ረጅም ስለት ሲሞረድ እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዝ ባለ ሽብልቅ እንጨት፣ ከመኪና ጭስ ማውጫ ቱቦ የተቆረጠ የጋለ ስለት መንከሪያ፣ እጀታ የሚበሳበት ቀዳዳ ከመስመር እንዳይወጣ የሚመራ ላሜራ። ገበያ ላይ የሚገዛ አልነበረም፤ ቢኖርም እስከ ቴፒ አይደርስም።

እኔ በሞረድ አንደኛ ሆንኩ። ባሌስትራ፣ ማለትም ያረጀ የመኪና ሞላ፣ ተቀጥቅጦ ሲሰጠኝ ያለ ምንም መደገፊያ በዓይኔና በክንዴ ብቻ ሁለቱንም ጎን እኩል አድርጌ አወጣዋለሁ። ከሌላ የእርሻው ጣቢያ የመጡ ሠራተኞች ቆመው ያዩኝ ነበር። ጋሽ ወልዴም ያዩኛል፤ ምንም አይሉም። እጅ ደግሞ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። ቢሆንም ወራሻቸው እኔ እንደሆንኩ አልተጠራጠርኩም ነበር።

ማርቆስ የመጣው ያን ጊዜ ነው። የሸዋ ቤንች ወረዳ ልጅ፣ በዕድሜ እኩያዬ፣ በብየዳ የተቀጠረ። ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ዘማሪ ስለሆነ ሲሠራ በቤንችኛ መዝሙር ያንጎራጉራል። ሞረድ አያያዙን ሳይ ሳቄን ዋጥኩ። ስለቱን አንዱን ጎን ያወፍረዋል፣ ሌላውን ያሳሳዋል። «አይዞህ፣ በጊዜ ይለመዳል» አልኩት። እውነቱን ለመናገር ባይለምደው ደስ ይለኝ ነበር።

እሱ ግን ለመልመድ አልሞከረም። አንድ ቀን ከትራፓኖው፣ ማለትም ከመሰርሰሪያው፣ ሳጥን ውስጥ ውፍረቱ ከስለቱ ጋር እኩል የሆነ መብሻ አወጣ። ጠረጴዛው ላይ አጋደመው፣ ስለቱን ከጎኑ አስተኛው፣ በመብሻው ሹል ጫፍ የስለቱን ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ጫረው። ከዚያ ስለቱን ገልብጦ ደገመው። መሐሉ ላይ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ መስመር ወጣ። ከዚያ በኋላ ሥራው ከሁለቱም ጎን እስከ መስመሩ መሞረድ ብቻ ሆነ። ጋሽ ወልዴ መብሻውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ምስማር ፈለጉ። መዶሻቸውን አነሱ።

እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ መሞረዴን ቀጠልኩ።

ቀጥሎ የሠራው የባሰ ነበር። ጣውላ ላይ ስለቱን በቦሎኒ አሰረ። ከጣውላው ጫፍ ቀለበት ያለው ረጅም ቦሎኒ አቆመ። ሞረዱን ከአንድ ቀጭን የፌሮ ብረት ጋር አጋጥሞ ፌሮውን በቀለበቱ ውስጥ አሳለፈው። ሞረዱ አሁን ወዲያና ወዲህ ይሄዳል እንጂ ዘንበል ቀና ማለት አይችልም። ቦሎኒው ላይ ያለውን ዳዶ አዙረው ቀለበቱን ከፍ ሲያደርጉት ስለቱ ወፈር ይላል፣ ዝቅ ሲያደርጉት ይሳሳል። የግቢውን ዘበኛ ጠርቶ «እስቲ ሞክሩት አባቴ» አላቸው። ሞረድ ይዘው የማያውቁት ሽማግሌ እየሳቁ ሞከሩት። ስለቱ ቀጥ ብሎ ወጣ።

ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ክንዴ እስኪዝል ለፍቼ ያገኘሁትን ነገር አንድ ቀለበት ለማንም ሰጠው። ጋሽ ወልዴ ከሁሉም ጎላ ያለ ምስማር መርጠው በራሳቸው መዶሻ አጠገብ ሰቀሉለት። ቤት ገብቼ እራት አልበላም አልኩ። አልማዝ «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ «ሆዴን ነው» አልኳት። አልዋሸሁም።

ሦስተኛው ማግኔት ነበር። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ያወጣውን ማግኔት ረጅም ሽቦ ጫፍ ላይ አሰረው። የጋለ ብረት ዘይት ውስጥ ለመነከር ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። እኛ በቀለሙ ነበር የምናውቀው፤ ደመና ሲሆን አንድ ዓይነት፣ ፀሐይ ሲሆን ሌላ ዓይነት ይመስላል። ጋሽ ወልዴ ማግኔቱን ወደ እሳቱ ሲያስጠጉ፣ ብረቱ ሳይያዝ ሲቀር፣ እንደ ሕፃን ሳቁ። ስንት ዘመን አብሬያቸው ስሠራ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

ያን ሳቅ እኔም ላስቃቸው ፈለግሁ። ከማርቆስ የበለጠ ላስቃቸው ፈለግሁ።

የቡና ጉንደላ ሊደርስ ነበር። ያረጀው ቡና ከሥሩ ተቆርጦ እንዲታደስ ብዙ መግረዣ ቢላ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ቀረና ሁሉም በእኛ ላይ ወደቀ። ስለቱን አንድ በአንድ አግሎ፣ አንድ በአንድ ዘይት ውስጥ ነክሮ ማጠንከር ጊዜ ይፈጃል። እኔም አሰብኩ። ከፌሮ በይጄ ብዙ ስለት በአንድ ጊዜ የሚይዝ መስቀያ ሠራሁ። ከዘይቱ በርሜል በላይ በብረት ክንድ ተንጠልጥሏል፤ ፔዳሉ በእግር ሲረገጥ ክንዱ በመገጣጠሚያው ዞሮ ስለቶቹን በሙሉ አንድ ላይ ወደ ዘይቱ ያወርዳቸዋል። መገጣጠሚያው እንዳይወላገድ አጥብቄ፣ ፀጉር እንኳ እንዳያስገባ አድርጌ ገጠምኩት። ሥራው ያማረ ነበር። አሁንም አማረ እላለሁ።

ማርቆስ ዞሮ ዞሮ አየው። መገጣጠሚያውን በጣቱ ነካ አደረገ። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ።

«ምን?» አልኩት።

«ምንም። ጌታ ይባርክህ፣ ጎበዝ» አለና ሄደ።

ቀንቷል ብዬ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ኃላፊው ሳይቀር ሰው ተሰበሰበ። ስለቶቹን ከእሳቱ እያወጣሁ ከመስቀያው ላይ ደረደርኳቸው። ቀይ ሆነው ያበራሉ፤ ሙቀታቸው ፊቴን ይገርፈኛል። ፔዳሉን ረገጥኩ። ክንዱ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ። መገጣጠሚያው ከስለቶቹ ሙቀት የተነሳ አብጦ ነከሰ። ስለቶቹ ግማሻቸው ዘይት ውስጥ፣ ግማሻቸው ውጭ ቀሩ። የጋለ ብረት ጠልቆ ሲገባ ዘይቱ ራሱ ያፍነዋል። ግማሹ ውጭ ሲቀር ግን ክብሪት ማለት ነው። በርሜሉ ቦግ ብሎ ነደደ።

ደጋግሜ ረገጥኩ። አልወርድ አለኝ። እሳቱ ጣሪያውን ሊነካ ደረሰ። ጋሽ ወልዴ ጉጠት ይዘው ከጎኔ ገቡና መስቀያውን ወደ ታች ሊገፉት ክንዳቸውን ሰደዱ። እጅጌያቸው ተያያዘ።

«ውኃ! ውኃ አምጡ!» ብሎ ኃላፊው ባልዲ አንስቶ ሮጠ።

«ውኃ አይሆንም!» የማርቆስ ድምፅ ነው። «ጌታው፣ ውኃ አይድፉበት! ዘይቱ ይፈነዳል!»

ባልዲውን በትከሻው ገፍቶ አስቀረው። ከግድግዳው ሥር ቆሞ የነበረ ሰፊ ላሜራ አንስቶ መስቀያዬን በእግሩ ረግጦ አጠፈውና ላሜራውን በርሜሉ አፍ ላይ ጫነው። እሳቱ ከዳር በኩል ጥቂት ተንፈራፍሮ ጠፋ። እኔ በዚህ መሐል ጋሽ ወልዴን መሬት ላይ አስተኝቼ በኮቴ እጅጌያቸውን አፈንኩት። ቆዳቸው ከጨርቁ ጋር ሲላቀቅ አየሁ። እሳቸው አልጮኹም።

መኪናው ወደ ቴፒ ጤና ጣቢያ ይዟቸው ከሄደ በኋላ እኔና ማርቆስ ብቻችንን ቀረን።

«ያን ላሜራ እዚያ ማን አቆመው?» አልኩት።

«እኔ ነኝ። ጠዋት።»

«ለምን?»

«ዘይትና እሳት ባሉበት ክዳን አይጥፋ ብዬ። መገጣጠሚያውም ከመጠን በላይ የጠበቀ መሰለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ በጥላሸት ጠቁሯል፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ብነግርህ ትሰማኝ ነበር፣ ታምራት?»

አንድ ሰው ሕይወትህን ካዳነልህ ልታመሰግነው ይገባል። እኔ ግን ያን ቀን የተሰማኝ ምስጋና አልነበረም። ላሜራውን ያቆመው እኔ ብሆን ኖሮ የሚል ነበር። በገዛ እሳቴ እንኳ የበለጠኝ እሱ ሆነ።

ጋሽ ወልዴን ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። ክንዳቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ አርፏል። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አስቆሙኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ታምሬ። ያን ነገር የሠራኸው ለስለቱ ነው ወይስ ለማርቆስ?»

ዓይኔን ፋሻቸው ላይ ተከልኩ።

«ለስለቱ ሠርተኸው ቢሆን ኖሮ መገጣጠሚያውን ከሰል ላይ አግለህ ትሞክረው ነበር። ብረት ሲሞቅ እንደሚያብጥ ታውቃለህ። አንተ የሞከርከው ሰው ፊት እንዴት እንደሚያምር ነው።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ እርስዎን ደስ ለማሰኘት ብዬ…»

«እኔ ደስ ብሎኝ የኖርኩት ባንተ እጅ ነው» አሉኝ። «እንደሱ ያለ እጅ ከአባቴ ሌላ አላየሁም። ግድግዳ ላይ የምሰቅለው የጎደለንን የሚሞላ ነገር ነው። አንተ ምን ጎደለህ?»

ያን ቃል ዘመኔን ሙሉ ስጠብቀው ኖሬያለሁ። የመጣው ግን ክንዳቸውን ካቃጠልኩ በኋላ ነው፤ ልደሰትበት አልቻልኩም። ክንዳቸው ዳነ፣ መዶሻ ለማንሳት ግን አልበቃም። ወደ ጌጫ ተመልሰው ከልጃቸው ጋር ኖሩ፤ እዚያው አረፉ። ሲሄዱ ቦታቸውን ለማርቆስ ሰጥተውት ነበር። እኔም ለሚዛን ቅርብ ወደሆነው ጣቢያ ዝውውር ጠየቅሁና ተፈቀደልኝ። እዚያ ያለ ማርቆስ፣ ያለ ማግኔት፣ ያለ ቀለበት፣ በዓይኔና በክንዴ ሞርጄ ጡረታዬ ደረሰ። ስለቶቼ ጥሩ ነበሩ። ግን ሠራተኛው ሁሉ «ቴፒ ያለው ሰውዬ እንዲህ ያደርገዋል» ይለኝ ነበር። ከዚያ ማርቆስ ከእርሻው ወጥቶ አማን ላይ ከእኛ ቤት ማዶ የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ። ከልብስ ማጠቢያ ማሽን ሞተር መሞረጃ ሠራ አሉኝ። ሄጄ አላየሁም። በሌላ መንገድ ነበር የማልፈው።

ያን ቢላዋ ጓዳ ውስጥ ካገኘሁ በኋላ እኔም ጓሮዬ ውስጥ ጠረጴዛ አቆምኩ። ለአልማዝ ከማርቆስ የተሻለ ቢላዋ ልሠራላት ተነሳሁ። ሞረዱን ስይዝ እጄ ተንቀጠቀጠ። ሥራ ስላቆምኩ መስሎኝ ቀናት ጠበቅሁ። መንቀጥቀጡ ግን ዕድሜ ነበር። ስለቱ እንደ መጋዝ ጥርስ ተሸራረፈ። ጋሽ ወልዴ ያመሰገኑት እጅ ይኸው ነው። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አልማዝ ከበሩ ላይ አየችኝና ወደ ጓዳዋ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲያ ለተወሰነ ጊዜ ሞረዱን አልነካሁም። ሚዛን ገበያ ዳር፣ ሱሪዬን ለማሳጠር አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ ልብስ ሰፊውን አየሁት። እሱም እንደኔ አርጅቷል፤ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ስፌቱ ግን ቀጥ ያለ ነው። የስፌት መኪናው መርፌ ባለበት ይወጣል ይገባል፤ የሚሄደው ጨርቁ ነው።

ቤት ስደርስ ሞረዱን ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ ጣውላ ላይ በቦሎኒ አሰርኩት። ከአሮጌ ቁም ሣጥን የመሳቢያ ሐዲድ ፈታሁ። በሐዲዱ ላይ የሚንሸራተት ትንሽ የእንጨት ሠረገላ ሠራሁ፤ ቢላዋው በሠረገላው ላይ በሽብልቅ ይታሰራል። ሞረዱ ይቆማል፣ ቢላዋው ይሄዳል። ጣቶቼ ሠረገላውን አይይዙትም፤ የምገፋው በክንዴና በወገቤ ነው፤ መንቀጥቀጤ እዚያ ድረስ አይመጣም። አልሰማ ሲል ፈታሁት፣ ሲላላ ሽብልቁን ቀየርኩ፣ በዝናብ ሲያብጥ እንጨቱን በሰም ቀባሁት። ማንም አላየኝም፣ ማንንም አልጠራሁም። በመጨረሻ ስለቱ ቀጥ ብሎ ወጣ። በጥፍሬ መታሁት፤ ጮኸ።

ወሬው እንዴት እንደደረሰው አላውቅም፤ አልማዝን እጠረጥራለሁ። አንድ ከሰዓት ማርቆስ በራችን ላይ ቆመ። ፀጉሩ ሸብቷል።

«ታምራት፣ አንድ ነገር ሠርተሃል አሉ። ልየው?»

«ግባ» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

አጎንብሶ አየው። ሠረገላውን ገፋው፣ መለሰው፣ ደግሞ ገፋው። ተንበርክኮ ሐዲዱን ከሥር አየ። መዝሙሩን አላንጎራጎረም።

«ዩቲዩብ ላይ አይተኸው ነው?»

«ኧረ የት አውቄ! ከልብስ ሰፊ።»

«ከልብስ ሰፊ…» ብሎ ደገመው። አልማዝ ሻይ አምጥታ አስቀመጠችለት። አላያትም። እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ሠረገላውን ትክ ብሎ ሲያይ እሱም ጣቶቹ እንደሚንቀጠቀጡ ልብ አልኩ። ያን አተያይ አውቀዋለሁ፤ ስንት ዘመን ኖሬበታለሁ።

«ልለካው ትፈቅዳለህ?» አለ በመጨረሻ፣ ቀና ሳይል።

እምቢ ማለት አማረኝ። ወዲያው ደግሞ እነዚያን ጣቶች አየሁ። «ለካው። ሽብልቁን ከወይራ አድርገው፣ ሌላው እንጨት ይበላል» አልኩት።

ለክቶ፣ አመስግኖ ወጣ። ከአጥሩ ሲደርስ ዞሮ ወደ ጠረጴዛዬ አንዴ አየ፤ ከዚያ ሄደ። አልማዝ ብርጭቆውን ልታነሳ መጣች።

«ሰውየው አሞታል እንዴ? ሻዩን እኮ አልነካውም።»

«አላመመውም» አልኳት። «ቀንቶ ነው።»

ብርጭቆውን ከእጇ ተቀብዬ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። ቀዝቅዟል፣ ስኳሩም ከሥር ዘቅጧል። እንደሱ የጣፈጠኝ ሻይ የለም።